የክብሪት አርበኞች

ከተማው ዳር የሚኖር ሰው ንጹሕ አየር ይተነፍሳል ይባላል። እኛም ቱሉ ዲምቱ ስንገባ እንዲያ ብለን ነበር። ደግነቱ ጎረቤቶቻችን ይህን ጉድለት ቶሎ አስተካከሉልን።

ገና ሳይነጋ የብሎካችን ጋሼ ክብሪታቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ፌስታሉ፣ ሃይላንዱ፣ ዳይፐሩ፣ የተበጠሰው ነጠላ ጫማ አጥር ሥር ተከምሮ ይጠብቃቸዋል። የሰዓት አመራረጣቸው ይገርመኛል። በበጋ ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ታች ይተኛል፤ ሞቅ ያለው ከላይ እንደ ድስት ክዳን ይገጥምበታል። ጭሱ መውጫ ያጣል። ረፋድ ላይ ቢለኩሱት እኮ ንፋስ ይዞት ይሄድ ነበር! ጋሼ ግን ለሰፈር አሳቢ ናቸው፤ አንዲት ዘለላ ጭስ እንድታመልጠን አይፈልጉም።

ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ማዳበሪያቸውን አንግበው ሲመጡ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። «እኛ ጨርሰናል» ይሏቸዋል ጋሼ በኩራት። አመዱ አጥር ሥር አለ፤ የቀረው እኛ ሳንባ ውስጥ ነው። ከጭሱ ደቃቁ ብናኝ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ የፀጉር ዘለላ 30 ጊዜ ያህል ይወፍረዋል። ስለዚህ አፍንጫ አያግደውም፣ እስከ ደም ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ በሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም አይለፍ ይላል። ስስት ነው። የእኛ ጋሼ ሲሰጡ ሰፍረው አይደለም።

«ባህላችን ነው» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲፈጅ ሰው ቆሻሻውን አቃጠለ ይባላል፤ ይኸው ኅዳር 12 እስከ ዛሬ ይታጠናል። አያቶቻችን ግን በዓመት አንድ ቀን አጥነው ይተዉት ነበር። ፌስታል እንኳ አልነበራቸውም፣ ምስኪኖች።

የአየር ጥራት አስተዳደር የሚባል ትምህርት አለ። አየሩን ለኩ፣ ምንጩን ለዩ፣ ከዚያ እዚያው ምንጩ ላይ ቀንሱ ይላል። እኛ ሁለቱን ጨርሰናል። መለኪያችን አፍንጫችን ነው። ምንጩም ክብሪት ይዞ ስለሚቆም አይጠፋንም፤ እንዲያውም «እንዴት አደሩ ጋሼ?» ብለነው እናልፋለን። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ መስኮት እንዘጋለን። ልጆቹ ሲያስሉ ብርድ ነው እንላለን። ሽማግሌን «አያቃጥሉ» ማለት ነውር ነዋ፤ ማስነጠስ ግን ነውር የለውም።

ለቅዳሜ ደግሞ አሮጌ ጎማ ተገኝቷል አሉ። ልብስ የምታሰጡ ለእሁድ አድርጉት።