ኧረ ፕላስቲኩን ቅደዱት!

ክረምት በመጣ ቁጥር እንጦጦ ላይ ችግኝ ይዞ ፎቶ የሚነሳው ሰው ብዛት ደስ ይላል፤ ግን ከነፕላስቲኩ መቅበር ምን ይሉታል? ሥሩ መውጫ ሲያጣ እዚያው ይጠማዘዝና በበጋ ቀጥ ብሎ ይደርቃል። ጉድጓዱስ? ሲኒ የምታህል ጭረው ይሄዳሉ። 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 40 ስፋት ይሄን ያህል ከባድ ነው? የላዩን ለም አፈር ለብቻ አስቀምጦ ሥሩ ላይ መመለስ፣ ዙሪያውን በእግር ጠቅጠቅ ማድረግ፣ አለቀ!

ደግሞ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚተክሉ አሉ። ዝናቡ መስከረም ላይ ሊያቋርጥ ሥር የሚይዘው መቼ ነው? ሐምሌ መጀመሪያ ምን ሆነና! ባሕር ዛፍ ጥግ የሐበሻ ጽድ መትከሉንማ ተዉት፤ ውሃውን ማን ሊተውለት። የተቀደደውንም ፕላስቲክ ይዛችሁ ውረዱ፤ ያለዚያ ጎርፉ ቀበና ወንዝ ያደርሰዋል።