ለሳምንት የተከራያችሁት ቤትም ጎረቤት አለው

ዊትቢ ስንደርስ ዝናብ ነበር። መኪናውን ከላይ አቁመን፣ ሻንጣውን፣ የእንጀራውን ካርቶንና የእናቴን ጀበና ተሸክመን በጠባቧ መተላለፊያ ወረድን። የሚቀበለን ሰው አልነበረም። ቁልፉ ያለው በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ በተመታች ትንሽ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። አራት ቁጥር ትጫናላችሁ፣ ሳጥኗ ትከፈታለች፣ ቁልፉን አውጥታችሁ ትገባላችሁ። ልጆቹ ቁጥሩን ለመጫን ሲሻሙ እኔ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። በመተላለፊያዋ ዘጠኝ በሮች አሉ። ስድስቱ ላይ እንደኛው ያለ ሳጥን ተመትቷል።

ያኔ ብዙም አላሰብኩበትም። ሳምንቱ ሲያልቅ ግን ከባሕሩም፣ ከፍርስራሹ ገዳምም ይልቅ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀሩት እነዚያ ስድስት ሳጥኖች ናቸው። ይህን የምጽፈውም በእነሱ ምክንያት ነው።

ለማያውቃት፣ ዊትቢ በእንግሊዝ ሰሜን ዮርክሸር፣ ኤስክ የሚባለው ወንዝ ከሰሜን ባሕር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ነዋሪዋ 13 ሺሕ ገደማ ነው። ወንዙ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ መሀል ላይ ያለው ድልድይ መርከብ ሲመጣ ለሁለት ተከፍሎ ያሳልፋል፣ ሰዉም ቆሞ ይጠብቃል። በምሥራቁ በኩል ያለው አሮጌው ሰፈር ቀይ የሸክላ ክዳን ያላቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደገፉ የሚመስሉ ትንንሽ ቤቶች ናቸው። ድሮ የዓሣ አጥማጆችና የመርከበኞች ቤቶች ነበሩ። ዛሬ ብዙዎቹ «ኮቴጅ» ተብለው በሳምንት ይከራያሉ። ምግብ የለም፣ አስተናጋጅ የለም። ወጥ ቤቱ የእናንተ ነው።

እንደኛ ላለ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ እረፍት የለም። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ እንግሊዝ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት ላይ ነው፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ፍልሰታ አለ። እናቴ ከአገር ቤት ልትጠይቀን መጥታለች፤ ሁለቱን ሱባዔ ያለ ቅባት፣ ያለ ዓሣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ነው የምታሳልፈው። ሆቴል ብንገባ ምን ልትበላ ነው? ቁርሱ የአሳማ ሥጋና እንቁላል ነው፣ ያውም እሷ ገና ውኃ ባልቀመሰችበት ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ የሆቴሉ ወጥ ቤት ይዘጋል። ከተማዋ በሙሉ ዓሣና ድንች ጥብስ ነው የምትሸጠው፣ እሱም በደንብ ጠይቁ፤ በዮርክሸር የቆየው ልማድ በከብት ሞራ መጥበስ ነው፣ ስለዚህ ድንቹ ራሱ ጾም አይደለም። ይህን ያወቅሁት ልጄ ለአያቱ ድንች ሊያጎርስ ሲል ሻጩን ጠይቄው ነው። ከምንኖርበት ከሊድስ ያመጣነው ሽሮ፣ ምስርና በርበሬ ባይኖር ኖሮ እናቴ ሳምንቱን በዳቦና በሙዝ ትገፋው ነበር።

ስለዚህ በሰባት ሰዓት ቁሌቱ ይጣዳል፤ ልጆቹ ከባሕር ዳር አሸዋ ተሸክመው ይመጣሉ፣ ዘጠኝ ሲል አንድ ትሪ ላይ እንቀርባለን። ሆቴል ውስጥ ሁለት ክፍል ለአምስት ሰው፣ ማታ ማታ ደግሞ ምግብ ቤት፣ ሒሳቡን እናንተው አስቡት። ግን ከገንዘቡም በላይ፣ እናቴ በሰው አገር የራሷ ወጥ ቤት ሲኖራት እንግዳ መሆኗ ቀረ። በሁለተኛው ቀን ድስቶቹን በራሷ ደንብ ደርድራቸዋለች።

ሦስተኛው ቀን ላይ 199ኙን ደረጃዎች ወጣን። እናቴ በየመሀሉ እያረፈች፣ «ላሊበላም ቢሆን መውጣት አለበት» እያለች ወጣችው። ከላይ አሮጌው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከጀርባው ደግሞ ጣራው የፈረሰው የዊትቢ ገዳም። ገዳሙ መጀመሪያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ657 ሲሆን ቅድስት ሂልዳ የምትባል እመምኔት ነበረች የምታስተዳድረው፤ ወንዶቹም ሴቶቹም በእሷ ሥር ነበሩ። በ664 እዚያ ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። ጉዳዩ ምን እንደነበር ለእናቴ ስነግራት ቆማ ሰማችኝ፦ የፋሲካ አቆጣጠር። ንጉሡ በአንደኛው ቆጠራ ፋሲካን ሲያከብር፣ ንግሥቲቱ በሌላኛው ገና ሆሳዕና ላይ ትሆን ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ሲፈስክ ሌላው ይጾማል። ባሕረ ሐሳብ ሲሰላ እየሰማ ላደገ ሰው፣ በአብዛኛው ዓመትም ከእንግሊዞቹ ፋሲካ የተለየ ፋሲካ ለሚያከብር ቤተሰብ፣ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ንጉሡ በመጨረሻ በሮም አቆጣጠር ፈረደ።

እዚያው ገዳም ካድሞን የሚባል ከብት ጠባቂ ነበር። በግብዣ ላይ ዘፈን ተራ ሲደርሰው አልችልም ብሎ ተነሥቶ ይወጣ ነበር። አንድ ሌሊት ከከብቶቹ ጋር ተኝቶ ሳለ በሕልሙ «ዘምር» ተባለ፣ ዘመረም። በእንግሊዝኛ ስማቸው ከታወቀ ገጣሚዎች የመጀመሪያው እሱ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «የእነሱ ያሬድ ነዋ!» አለች። ከዚያ በኋላ ለልጆቹ ትሏ ዛፉን ስትወጣ ስትወድቅ ያሬድ እንዴት እንዳያት ተረከችላቸው። እኔ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ልነግራቸው ሞክሬ ጆሮ ያልሰጡኝን ታሪክ፣ ነፋስ እየገረፋቸው አፋቸውን ከፍተው ሰሙት።

የጎረቤቱ ነገር የመጣው በማግስቱ ነው። ከዚህ በፊት በሌላ ከተማ የተከራየነው ቤት ባለቤት «የቅመም ሽታ ቀርቷል» ብሎ ከመያዣችን ቆርጦብን ነበር፤ ስለዚህ ቡናው እቤት ውስጥ እንዳይቆላ ብዬ ፈርቻለሁ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያውም አለ። እናቴ ትንሿን የካምፕ ምድጃ ይዛ ከኋላ ያለችው ጓሮ ውስጥ ቁጭ አለችና መቁላት ጀመረች። ከጎን በር አንዲት አሮጊት ወጡ። ልቤ ድንግጥ አለ። ይቅርታ ልል ስጀምር «ይህ ሰፈር ጭስ ለምዷል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከእኛ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ሄንሪታ ጎዳና ላይ ከ1872 ጀምሮ ዓሣ በእንጨት ጭስ የሚያደርቅ ቤት አለ። ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ለሁለት ሰንጥቀው እንደ ቋንጣ ይሰቅሉትና ያጥኑታል፣ «ኪፐር» ይሉታል። ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ በሱ ሽታ ይነቃል።

አሮጊቷ ሦስቱንም ጠጡ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፣ እሳቸው አማርኛ አይችሉም፣ እኔ መሀል ቁጭ ብዬ አስተረጎምሁ። እናቴ የጠየቀቻቸው የመጀመሪያ ጥያቄ «ልጆችዎ የት ናቸው?» የሚል ነበር። ያኔ ነው ነገሩ የወጣው። የልጅ ልጃቸው እዚሁ ወደቡ ላይ ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ የሚኖረው ግን ስካርብሮ የሚባል ሌላ ከተማ ነው፣ በአውቶቡስ ይመላለሳል። እዚህ የሚከራይ ቤት አጥቶ። ተወልዶ ባደገበት ከተማ! በብርዱ ወራት፣ ጥር ላይ፣ ማታ በመተላለፊያዋ መብራት የሚበራው በእሳቸውና በሁለት ቤቶች ብቻ እንደሆነ ነገሩን። ሦስት መብራት፣ ስድስት ሳጥን። ቆጥሬዋለሁ።

እናቴ ከተረጎምኩላት በኋላ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ሌሊት ቢያማቸው ማንን ይጠራሉ?» አለችኝ። ይህን አልተረጎምኩትም።

የዊትቢ ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በሰኔ 2022 ከተማዋ ውስጥ ድምፅ ተሰጥቶ ነበር። ጥያቄው፣ ከዚህ በኋላ የሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርባቸው ሰው ብቻ ይሁኑ ወይ የሚል ነው። 2,111 ሰው ይሁን አለ፣ 157 አይሁን። ውጤቱ በሕግ የሚያስገድድ አልነበረም። በኮርንዎል ያለችው ሌላዋ የወደብ ከተማ ሴንት አይቭስ ከዚያ በፊት በ2016 ተመሳሳይ ነገር አጽድቃለች። ሁለቱም ግን የሚናገሩት ስለ አዲስ ቤት ነው። እኛ ያረፍንበት ዓይነት አሮጌ ቤት አይነካም፣ የተወደደው ደግሞ እሱ ነው።

ግብሩም አለ። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ሰሜን ዮርክሸር ውስጥ ሁለተኛ ቤት ያለው ሰው የአካባቢ ግብሩ እጥፍ ሆኗል። ጥሩ ነው። ግን ቤቱን በዓመት ቢያንስ 140 ሌሊት ለኪራይ አቅርቦ 70ውን ያከራየ ባለቤት፣ ቤቱ እንደ ንግድ ይቆጠርለታል፤ አነስተኛ ንግድ ስለሆነም ብዙ ጊዜ ምንም ሳይከፍል የሚያልፍበት መንገድ አለ። እንግዲህ እጥፉን ከመክፈል በሩ ላይ ሳጥን መምታት ይቀላል። እኔ ይህ መዘጋት አለበት እላለሁ። ቆሻሻው የሚጠረገው፣ መንገዱ የሚበራው በእነዚያ አሮጊት ግብር ከሆነ፣ ለስድስቱም ቤት እሳቸው ናቸው የከፈሉት ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው «ቱሪስት ባይመጣ ከተማዋ ትሞታለች» ይላል። እስማማለሁ። የመርከብ ግንባታው እንደ ድሮው አይደለም፤ ካፒቴን ጄምስ ኩክ ዓለምን የዞረባት መርከብ ኢንደቨር እዚህ ነበር የተሠራችው፣ ዛሬ የቀረው ጥቂት ነው። እኛም ገንዘባችንን ይዘን ነው የሄድነው። ግን እንግዳ የሚቀበል ሰው ከሌለ እንግዳው ወደ ማን ነው የሚሄደው? ወደቡ ላይ ያለውን የነፍስ አድን ጀልባ አስቡ። በየካቲት 1861 በአንድ ማዕበል ቀን የያኔው ጀልባ ደጋግሞ ወጥቶ የመርከብ ሰዎችን ሲያድን ውሎ፣ በመጨረሻ ተገልብጦ ከ13 ቀዛፊዎች 12ቱ ሰምጠዋል። የተረፈው ሄንሪ ፍሪማን ነበር፣ ከቡሽ የተሠራ አዲስ ዓይነት ጃኬት ለብሶ ስለነበር። ዛሬም በዚህ አገር የነፍስ አድን ጀልባ ላይ የሚወጡት አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ስልካቸው ሲጮኽ ከእራት ላይ ተነሥተው የሚሮጡ የሰፈር ሰዎች። ሮጠው ለመድረስ ደግሞ ቅርብ መኖር አለባቸው። ወጣቱ ስካርብሮ ካደረ፣ የቁልፍ ሳጥን ጀልባ አይቀዝፍም።

ይህ ለእኛ አዲስ ቋንቋ አይደለም። እድር የሚቆመው ሰው በሰፈሩ ሲኖር ነው። ድንኳን የሚተክለው፣ ለቅሶ የሚደርሰው፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ የሚወጣው እዚያው ያደረ ሰው ነው። እኛ ጉርብትና ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ እረፍት ስንወጣ ግን ሻንጣ ውስጥ ሳንከተው የምንሄድ ይመስለኛል። ከእኛ መካከል ደግሞ ሁለተኛ ቤት ገዝቶ ኤርቢኤንቢ በሚባለው የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ የሚያከራይም አለ፣ ሠርቶ ያገኘው ነው፣ አልፈርድበትም፤ ግን ከመግዛቱ በፊት ያችን መተላለፊያ በጥር ማታ ቢያያት እወድ ነበር።

አትሂዱ አልልም። እኔም እሄዳለሁ። ግን ቤት ስትመርጡ ባለቤቱ እዚያው ከተማ የሚኖረውን ፈልጉ፣ መልእክት ልካችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ሁሉን ነገር ከሊድስ ወይ ከለንደን ሱፐርማርኬት ጭናችሁ አትሂዱ፤ በርበሬውና ሽሮው ይበቃል፣ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ዳቦውን እዚያ ግዙ። ስትገቡ የጎን በር አንኳኩና ስማችሁን ተናገሩ፤ እንግሊዞች አይወዱም የሚባለው እኔ ያየሁት ነገር አይደለም። ከተቻለ ደግሞ ሕዝቡ ከሚጎርፍበት ነሐሴ ውጭ ሂዱ።

አርብ ጠዋት ልንወጣ ስንል አሮጊቷ መጡ። እናቴ በረቡዕ ዳቦ ልካላቸው ነበር፣ ሳሕኑን ይዘው ነው የመጡት። ባዶውን አልመለሱትም፤ በወረቀት የተጠቀለለ ሁለት ጥንድ ኪፐር ነበረበት። እናቴ እንደምትጾም ነግሬያቸው ስለነበር «ሲፈታ ትብላው» አሉኝ። ሊድስ እስክንደርስ መኪናው ሁሉ ጭስ ጭስ ሸተተ፣ ልጆቹ መስኮት ክፈቱ እያሉ ጮኹ፣ እናቴ ግን ጭኗ ላይ አድርጋው መጣች። ፍልሰታ ሲፈታ ከማቀዝቀዣ አውጥተን በድልህ በላነው።

ለኅዳር ሦስት ሌሊት ይዣለሁ። ያው መተላለፊያ ነው፤ ቤቱ ግን ባለቤቷ ከድልድዩ ማዶ የምትኖር ሌላ ቤት ነው። እናቴ ያኔ አገሯ ትሆናለች። ለአሮጊቷ የተቆላ ቡና ከአሁኑ በላስቲክ አሥራ ሰጥታኛለች፣ ልጆቹም አፈላሉን ለምደዋል።