ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር አቶ «ድሮም ብዬ ነበር»

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ትንቢትዎስ? እኛ እንደምንም ነን። ነገሩን ሁሉ ከሆነ በኋላ እየሰማን እንኖራለን። እርስዎ ግን ድሮ አውቀው ጨርሰዋል።

አንድ የቴክኖሎጂ ሚዲያ ጉድ ሲወጣበት፣ አቧራው ሳይሰክን ከሁሉ ቀድመው የምናገኘው እርስዎን ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! «እኔ ድሮም አላምነውም ነበር» ይላሉ። አለቀ። ማስረጃ የለ፣ ቀን የለ፣ ምክንያት የለ። ላይኩ ግን ይዘንባል።

እስቲ አንዱን ላስታውስዎ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2023 ጌመርስ ኔክሰስ የተባለው፣ የኮምፒውተር ዕቃዎችን የሚፈትሽ የዩቲዩብ ቻናል 44 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ቪዲዮ ለቀቀ። የቻናሉ አዘጋጅ ስቲቭ በርክ፣ ላይነስ ቴክ ቲፕስ የተባለውን የዩቲዩብ የቴክኖሎጂ ቻናል ባለቤት፣ የካናዳውን ላይነስ ሚዲያ ግሩፕን፣ ነገር በነገር ሞገተው። የተሳሳቱ ቁጥሮች፣ የተሳሳቱ ግራፎች፣ ስህተትን ለማረም መለገም፣ ከሁሉም በላይ ጥድፊያ። ሠራተኞቹ ራሳቸው በካምፓኒው ቪዲዮ ላይ «ትንሽ ረጋ ብንል» ሲሉ ተሰምተዋል። እርስዎ በአራተኛው ደቂቃ ላይ «ይኼንን ስንል ከርመናል» ብለው ጻፉ። የቀረውን 40 ደቂቃ ምን ያደርጉለታል? ያውቁታላ!

እኔን የሚከነክነኝ ኦገስት 13 ነው። ያን ዕለት የት ነበሩ? ላይነስ ቴክ ቲፕስ ያኔ 15 ሚሊዮን ገደማ ሰብስክራይበር ነበረው። ጉዱ ሲወጣ ግን ሁሉም ከዓመታት በፊት የተወው ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ያን ሁሉ ቪዲዮ ማን ነበር የሚያየው?

በ2022 ደግሞ ካምፓኒው የሚሸጠው ቦርሳ ጉዳይ ነበር። ዋጋው ያኔ 250 ዶላር ነበር። ሰዎች የጽሑፍ ዋስትና ስጡን ሲሉ የካምፓኒው መሥራች ላይነስ ሴባስቲያን ነገሩን በ«እመኑኝ» ሊያልፈው ሞከረ። ቁጣው ሲበረታ ዋስትናው በጽሑፍ ወጣ። ካምፓኒው በራሱ ጉድ ቀልዶ «ትረስት ሚ ብሮ» (እመነኝ ወንድሜ) የሚል ቲሸርትም ሸጠ። ክቡርነትዎ፣ መቼም ያንን ቲሸርት ለብሰው አይደለም «ድሮም አላምነውም ነበር» የሚሉን። ነው እንዴ?

አሁን ወደ መዳቡ ልምጣ። ከዚያ ሁሉ ክርክር እኔን የነካኝ እሱ ነው። ቢሌት ላብስ የምትባል ትንሽ የእንግሊዝ ጀማሪ ድርጅት ከመዳብ የሠራችውን የግራፊክስ ካርድ ማቀዝቀዣ ላከች። ናሙና ነው። የተሠራው አርቲኤክስ 3090 ቲአይ ለተባለው ካርድ ነው። እነ ላይነስ 4090 በተባለ ሌላ ካርድ ላይ ገጠሙት። አልሆነም። ለሌላ ካርድ የተሠራ ዕቃ አለመግጠሙ ምኑ ይገርማል? ሆኖም ማንም እንዳይገዛው ተባለ። እንደገና ቢሞከርስ ሲባል፣ የሠራተኛ ሰዓት ገንዘብ ነው የሚል መልስ መጣ። ድርጅቷ ዕቃዬን መልሱልኝ አለች። እሺ ተባለች። ዕቃው ግን ካምፓኒው ባዘጋጀው ኤልቲኤክስ በተባለው ዝግጅት ላይ ለበጎ አድራጎት በጨረታ ተሸጠ።

ልብ ይበሉልኝ። እንመልሳለን የተባለ የሰው ዕቃ ነው። በሰው ዕቃ የተደረገ በጎ አድራጎት! ይኼ የሚያናድድ ነገር ነው፣ የተናደደውም ሰው ልክ ነው። እርስዎ ግን አልተናደዱም። ስለ መዳቡ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ምንም ያልገረመው ሰው ምን ብሎ ይናደዳል? «ካምፓኒው እንዲህ መሆኑ ግልጽ ነበር» ብለው አለፉ። ከእርስዎ አስተያየት ሥር ያለው ሕዝብ ደግሞ «እኔም ከ2019 ጀምሮ»፣ «እኔማ ከ2016» እያለ ማን ቀድሞ እንደነቃ መፎካከር ጀመረ። ናሙናዋ የት ደረሰች ብሎ የጠየቀ ሰው ድምፁ ተዋጠ። እርስዎ ሲመጡ ጥያቄ ይሞታል፤ የማልወድልዎ ይኼንን ነው።

(ከወዲያ ማዶ «ምቀኞች ናቸው፣ ሥራው ነው የሚያናድዳቸው» የሚል ወንድምዎ አለ። የእሱን ደብዳቤ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።)

ቀጥሎ የሆነውን ያስታውሱ ይሆናል። ላይነስ በእነ በርክ ላይ «ሳትጠይቁኝ ለምን አወጣችሁት» ብሎ ተቆጣ። ከቢሌት ጋር ስለ ካሳ ተስማምተናልም አለ። ኋላ ሲጣራ ግን ካምፓኒው ስለ ካሳው የጻፈላቸው የበርክ ቪዲዮ ከወጣ በኋላ ነበር። ይኼ የታወቀው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ኢሜይሉን ከሰዓቱ ጋር ስላመሳከረ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው። «ድሮም» ማለት ግን ሦስት ሰከንድ ይበቃዋል።

ኦገስት 16 የይቅርታ ቪዲዮ ወጣ። አለቆቹ ተራ በተራ ቀረቡ። ለአንድ ሳምንት ያህል ሥራ እናቆማለን አሉ። በመሃል ግን የራሳቸውን ሱቅ የሚያስተዋውቅ ቀልድ ጣል አደረጉ። ይቅርታ ላይ ማስታወቂያ! እዚህ ላይ እንኳ ትንሽ ደንገጥ ቢሉ ምን ነበረበት? እርስዎ እቴ! «የጠበቅኩት ነው» አሉ። የምፅዓት ቀን ቢመጣም እንደዚሁ የሚሉ ይመስለኛል።

በዚያው ቀን ግን ቀልዱ አበቃ። አንዲት የቀድሞ ሠራተኛ በሥራ ቦታ ደረሰብኝ ያለችውን ትንኮሳና በደል ጻፈች። እርስዎ እዚህም ደረሱ፤ «ውስጡ እንዲህ እንደነበር ድሮም አውቅ ነበር» አሉ። ካላወቁ በሰው ሕመም ላይ ለምን ይዋሻሉ? ካወቁ ደግሞ ምን አድርገው ነበር ያኔ? ለማን ተናገሩ? መልስዎን እጠብቃለሁ፤ የሚመጣ ግን አይመስለኝም።

ካምፓኒው የውጭ የሕግ ድርጅት ቀጠረ። በሜይ 2024 ባወጣው መግለጫ መርማሪው የማሸማቀቅና የትንኮሳ ክሶቹን የሚያረጋግጥ ነገር አላገኘም አለ። ይበቃኛል ያለ አለ። መርማሪውን የቀጠረው ተከሳሹ አይደለም ወይ ያለም አለ። ሁለቱም አንብበው ነው የተናገሩት። ሳያነብ የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነው። በ2023 «ድሮም ጥፋተኛ እንደሆነ አውቅ ነበር» ባሉበት አፍዎ «ድሮም ንጹሕ እንደሆነ አውቅ ነበር» አሉ። ሁለቱን ስክሪንሹቶች ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። ያው ስም፣ ያው ፎቶ፣ ያው በራስ መተማመን።

እንግዲህ አንድ ልመና አለኝ። ቀጣዩ ባለተራ የትኛው ካምፓኒ ነው? ያውቁታልና አይደብቁን። ዛሬ ማታውኑ ስሙን ይጻፉልን፣ ጥፋቱን በአንድ መስመር ያስፍሩልን፣ ቀን ይጨምሩበት። አደራ፣ ቪዲዮው ከመውጣቱ በፊት ይሁን። ሌላው ቢቀር ናሙና ሊልክ ዕቃ እያሸገ ያለ አንድ ምስኪን ድርጅት ይጠነቀቅበታል። ይኼ የማይመችዎ ከሆነ ግን የሚቀጥለውን 44 ደቂቃ እስከ መጨረሻው ይዩልን፤ ከዚያ ያሻዎትን ይጻፉ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

እስከ ኦገስት 14 ድረስ ምንም ያላወቀ አንድ ተመልካች