ቴፑ ተበላሸ ተብሎ ካሴት አይጣልም

ለዓመታት የአማርኛ ቃለ ምልልሶችን ሲያስደምጥ የኖረ አንድ የዲያስፖራ ድረ ገጽ ሰሞኑን የድምፅ ክፍሉን እንደሚዘጋ አሳውቋል። «ፋይሎቹ በፍላሽ የተሠሩ ስለሆኑ ከእንግዲህ አይሰሙም» ይላል ማስታወቂያው። አዳዲስ ዝግጅት የፈለገ ዩቲዩብ ይሂድ ብሎም ይመክረናል።

አንጀቴን ያሳረረኝ «በፍላሽ የተሠሩ» የምትለዋ ናት። እዚህ ፍላሽ የሚባለው ብራውዘር ውስጥ ድምፅና ቪዲዮ ያጫውት የነበረ ፕሮግራም ነው፤ ማጫወቻ ነው። ድምፁ ያለው ኤምፒ3 ፋይል ውስጥ ነው። ቤታችን ቴፑ ሲበላሽ ካሴቱን ጣልን እንዴ? ጎረቤት ወስደን አጫወትነው እንጂ! ማስታወቂያውን ካነበብኩ በኋላ ከገጾቹ አንዱን ከፈትኩ። ማጫወቻው በነበረበት ቦታ ግራጫ ሳጥን ብቻ ተገትሯል። የገጹን ኮድ ገልጬ የፋይሉን አድራሻ ኮፒ አደረግኩና ብራውዘሩ ላይ ለጠፍኩት። ወዲያው አንድ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ልጅነታቸው ማውራት ጀመሩ። ከበስተጀርባ የስኒ ድምፅ ይሰማል። «አይሰሙም» የተባሉት እኚህ ናቸው!

የፍላሽ ባለቤት የሆነው አዶቤ ኩባንያ ፍላሽን እንደሚተው የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ያቆመው በ2020 መጨረሻ። ከሦስት ዓመት በላይ ጊዜ ነበር። አይፎን ላይማ ፍላሽ ድሮም ሠርቶ አያውቅም።

መፍትሔው ደግሞ በእጃችን ነው። ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤል5፣ «ኦዲዮ» የሚባል ታግ (የኮድ ምልክት) አለው። የፋይሉን አድራሻና «ኮንትሮልስ» (controls) የሚለውን ቃል ትሰጡታላችሁ፣ ብራውዘሩ ራሱ ማጫወቻውን ያመጣል። ምንም ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) አይጫንም። «ፕሪሎድ» (ቀድሞ ማውረድ) የሚለውን «ነን» (none፣ ምንም) ካላችሁት፣ አድማጩ ካልነካው በቀር ፋይሉ መውረድ አይጀምርም። አገር ቤት ፓኬጅ ገዝቶ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገጾቹ በመቶ ቢቆጠሩም አሮጌው ኮድ የሚለያየው በፋይሉ አድራሻ ብቻ ነው። ፈልጎ የሚተካ ትንሽ ስክሪፕት ይበቃዋል።

ሪል ኦዲዮ በሚባለው አሮጌ የፋይል ዓይነት የተቀዱት የድሮዎቹ ግን መቀየር አለባቸው፣ እውነት ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ኤምፒ3 ይቀይራቸዋል። ኮምፒውተሩን ሌሊት ሥራ ላይ ትቶ መተኛት ነው።

ዩቲዩብስ? በነፃው ዩቲዩብ ስልኩ ሲቆለፍ ድምፁ ይቋረጣል። ወጥ እያማሰለች የምታዳምጥ እናት ስክሪን ላይ ተተክላ ልትውል ነው?

የሚሠራላችሁ ሰው ከጠፋ ፎልደሩን ስጡን። ኮፒ እናደርገዋለን፣ ታጉንም እንጽፋለን። ብቻ ከሰርቨሩ ላይ አታጥፉት።