ሶልደር የተቀባ ሽቦ ብሎን ስር አይታሰርም

የሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን) መቆጣጠሪያ ቦርድ ለምትሠሩ አንድ እርማት አለኝ። "የሽቦውን ጫፍ ሶልደር ቀብታችሁ ተርሚናሉ ላይ እሰሩት፣ ንቅንቅ አይልም" የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። ሶልደር ሽቦ ለማጣበቅ የሚቀልጠው ብረት ነው፤ ተርሚናል ደግሞ ሽቦ በብሎን የሚታሰርበት ማያያዣ። ፒያሳ ሱቅ ውስጥም ሰምቼዋለሁ። በቅንነት የሚሰጥ ምክር ነው፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሶልደር ለስላሳ ነው። ብሎኑ ሲጫነው ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ እስሩም ይላላል። የላላው ቦታ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ይብስ ያላላዋል። በተለይ የፓወር ሳፕላይ መስመር ላይ ተርሚናሉን ሊያቀልጥ፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሶልደር የተቀባውን ሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኃይል አጥፍታችሁ በካቻቢቴ ሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ ብሎኑ እንደገና ሲዞር ታገኙታላችሁ።

ትክክለኛው ፌሩል ነው፤ ጫፉ ላይ የሚጨመቅ ትንሽ የመዳብ ቱቦ። ለ0.75 ካሬ ሚሊ ሽቦ የ0.75 ፌሩል ግዙ፤ መጨመቂያ ፒንሳውንም አትርሱ። ካጣችሁ ደግሞ ክሮቹን ጠምዝዛችሁ ያለ ሶልደር እሰሩት።