«ከአጀንዳ ውጭ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ይበርድልኛል ብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ፤ አልበረደም። እንዲያውም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ማጉረምረም ሲጀምርና ከአልጋዬ ተነስቼ ጀሪካን ስደቅን፣ ያቺ እሁድ ትመጣብኛለች።

እሁዷን ልንገራችሁ።

የምንኖረው ከተማው ዳር፣ በየካ አባዶ በኩል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እኔ የአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ አባል ነኝ። ስሙን አልጠራም፤ ሌላ ፓርቲ ውስጥ ያላችሁም ታሪኩን ስትሰሙ የራሳችሁ ይመስላችኋል። በ2013ቱ ምርጫ ተሸነፍን። የአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው፤ 138ቱንም ገዢው ፓርቲ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ሰዉ ተበተነ። ገሚሱ አኮረፈ፣ ገሚሱ ከአገር ወጣ፣ ገሚሱን ኑሮ አሸነፈው። በስንት ልመናና በስንት ስልክ የወረዳውን መዋቅር እንደገና እናቋቁም ተብሎ በእድር አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አርባ የምንሆን ሰዎች ተገኘን። እመኑኝ፣ አርባ ሰው ሳይ ደስታዬን አልቻልኩትም። ከዚያ በፊት ስምንት ሰው እንኳ ማሰባሰብ አቅቶን ነበር።

አጀንዳው ሦስት ነበር፦ ያለፈው ሥራ ሪፖርት፣ መልሶ ማደራጀት፣ የአካባቢ ጉዳዮች። ሦስተኛዋን ያስገባናት እኔና ሁለት ወጣቶች ነን፣ ለምነን። ቃለ ጉባኤ የያዝኩትም እኔ ነኝ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስት ሰዓት የተባለው ስብሰባ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ሪፖርቱ ቶሎ አለቀ፤ ምን ተሠርቶ? ከዚያ መልሶ ማደራጀት ተባለና ማህተሙ ማን ዘንድ ይቀመጥ የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። አሮጌው ኮሚቴ በእኛ እጅ ይቆይ አለ። አዲሱ ኮሚቴ አስረክቡን አለ። አንዱ ተነስቶ ሌላውን «ተለጣፊ» አለው። ያኛው ደግሞ «አንተ ምርጫው ሊደርስ ሲል ስልክህን ዘግተህ የጠፋህ!» ብሎ መለሰለት። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ስለ አንዲት ማህተም! ከዚያ አንድ ሰው ስለ ዓባይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገረ። ስለ ዓባይ መነጋገር ክፋት የለውም። ግን የለገዳዲ ግድብ ከእኛ ሰፈር ብዙ አይርቅም፣ ከተማው ለስንት አሥርት ዓመታት ከዚያ ሲጠጣ ኖሯል፣ እኛ ግን እዚሁ አፍንጫው ሥር ተቀምጠን ውሃው በየት በኩል አልፎ የት እንደሚቆም የሚነግረን አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ያለ አይመስለንም ነበር።

ነበረ። እማማ ነበሩ።

ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው፤ እኔም ስማቸውን አልጽፍም። መሃል ከተማ ያደጉበት ሰፈር ፈርሶ ነው እዚህ ዳር የመጡት። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር። በ2013ቱ ምርጫ፣ ሰኔ 14 ቀን፣ የፓርቲያችን ወኪል ሆነው ምርጫ ጣቢያ የዋሉ ናቸው። ያን ቀን የድምፅ መስጫው ሰዓት ተራዝሞ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ወጣቶቹ ወኪሎቻችን አንድ ሁለት እያሉ ሲሄዱ እሳቸው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆጠራው እስኪያልቅ ከዚያች ወንበር አልተነሱም። ውጤቱን ፈርመው፣ የተሸነፍንበትን ወረቀት በነጠላቸው ጠቅልለው ያመጡልን እሳቸው ናቸው።

በዚያች እሁድ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ውሃ አልነበረም። ቡና ያለ ውሃ አይፈላ። እማማ የልጅ ልጃቸውን ልከው ከቤታቸው አንድ ጀሪካን አስመጡ። ስለ ማህተም ስንጮህ የጠጣነው ቡና በዚያ ውሃ የተፈላ ነው።

ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ሰው ደከመው። ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ «ሦስተኛው አጀንዳ፣ የአካባቢ ጉዳዮች፣ አጠር አጠር ይደረግ» አለ። እማማ እጃቸውን አወጡ። ከፌስታል ውስጥ ባለ 50 ሉክ ደብተር አወጡና መነጽራቸውን አድርገው ቆሙ።

«ልጆቼ፣ ስለ ውሃው ትንሽ ጽፌ መጥቻለሁ» አሉ። «ውሃ የለም ትላላችሁ። ውሃስ አለ። የእኛ ተራ ማክሰኞና ዓርብ ነው። ማክሰኞ መብራት ከጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ፓምፑ ከቆመ ተራችሁ አለፈ እንባላለን። ረቡዕ መብራት ይመጣል፣ ውሃው ግን የሌላ ሰፈር ነው። እኛ ዓርብን እንጠብቃለን። ዓርብም መብራት ከጠፋ...»

እዚህ ላይ ሰብሳቢው አቋረጣቸው።

«እማማ፣ እስቲ ይቀመጡ። የውሃውን ነገር ለእድሩ ይንገሩት። እዚህ ስለ አገር ነው የምናወራው» አላቸው።

ሰዉ ሳቀ። አርባ ሰው ሳቀ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እኛን ያን ቀን ወሰደን።

እማማ ትንሽ ቆሙ። ዓይናቸው አዳራሹን ዞረና እኔ ላይ አረፈ። ብዕር የያዝኩት እኔ ነኛ። ቢያንስ ይጽፍልኛል ብለው ይሆናል። እኔ አቀረቀርኩ። ከዚያም በገዛ እጄ «ከአጀንዳ ውጭ የሆነ አስተያየት ተሰጥቶ ታልፏል» ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው አጀንዳ እኮ የአካባቢ ጉዳዮች ነው! ራሴ ለምኜ ያስገባሁት አጀንዳ!

ደብተራቸውን ፌስታሉ ውስጥ መልሰው፣ ባዶውን ጀሪካን አንጠልጥለው ወጡ። ማንም አልተከተላቸውም። እሳቸው ከወጡ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የአቋም መግለጫ ተነበበ። አምስተኛው ነጥብ «ንጹህ የመጠጥ ውሃ ለሁሉም ዜጋ ተደራሽ እንዲሆን እንታገላለን» ይላል። በጭብጨባ ጸደቀ። እኔም አጨበጨብኩ።

እንግዲህ ልናገር። እናንተ ሰዎች፣ እኛ ምን ሆነን ነው? ሜዳው ጠባብ ነው፣ አዳራሽ ይከለክሉናል፣ ያስሩናል እንላለን። እውነት ነው፤ የታሰሩትን አውቃቸዋለሁ፣ ስንቅ አመላልሼላቸዋለሁ። ግን እማማን እንዲቀመጡ ያዘዛቸው ካድሬ አይደለም። እኛ ነን። በራሳችን አዳራሽ፣ በራሳችን ስብሰባ፣ ማንም ሳያስገድደን።

በ1997 ቅንጅት የዚህን ከተማ ምክር ቤት 137 መቀመጫ አሸንፎ ነበር። ከ138 ውስጥ! ያ ምክር ቤት ግን በቅንጅት እጅ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራ ቀረ። ግድያውንና እስሩን ማንም አይረሳውም፤ ግን እንግባ አንግባ የሚለው ክርክርም ነበረ፣ እሱንም አንርሳ። የዚያን ጊዜ የከተማው ውሃ፣ ቤት፣ ትራንስፖርት እጃችን ላይ ወድቆ ዓይናችን አራት ኪሎን ነበር የሚያየው። በ2005 ደግሞ 33 ፓርቲዎች ከአካባቢ ምርጫው ወጡ። ምክንያታቸውን አልንቅም። ብቻ የቀበሌና የወረዳ ወንበር ለማናችንም አያጓጓንም፤ ይህን በልባችን እናውቀዋለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኛ ነው።

አዋጅ 1162/2011 አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል። ለዚያ ፊርማ በየደረጃው ወጥተን ወርደን በር አንኳኳን። እስከ አራተኛ ፎቅ ወጣን። ሰዉ መታወቂያውን አውጥቶ ፈረመልን። ፊርማው ከሞላ በኋላ እነዚያን በሮች ስንቶቻችን ተመልሰን አንኳኳን?

እናንተስ፣ ፓርቲ ውስጥ የሌላችሁት ጎረቤቶቼ? «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እያላችሁ ቤታችሁ ትቀመጣላችሁ። የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ውሃ በጠፋ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፤ ኑና እንነጋገር ሲባል ግን ሰው የለም። ኮረንቲውን ሸሻችሁት፣ እሱ ግን ጠፍቶ ውሃችሁን ይዞባችሁ ይሄዳል። አልተቆጣሁም አልልም፤ በእናንተም ተቆጥቻለሁ። ግን ምን ይሁን ብላችሁ ትመጣላችሁ? የመጡት እማማ እንደዚያ ተደርገው ሲወጡ!

ከሁሉም በላይ ግን በራሴ ነው የምናደደው። ሰብሳቢው እማማን በቅጡ አያውቃቸውም፤ እኔ አውቃቸዋለሁ። በ2013 ወኪል ይሁኑልን ብዬ በራቸውን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ያኔ ሻይ እየቀዱልኝ «ልጄ፣ ካሸነፋችሁ ውሃው ይስተካከላል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «ይስተካከላል እማማ፣ የመጀመሪያ ሥራችን እሱ ነው» አልኳቸው። በዚያች ቃል ነው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የዋሉት። ባለቤቴ በባልዲ ውሃ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ በየሳምንቱ አያለሁ። የፓምፑን ነገር ያልጠየቅኩት ስለማይገባኝ አይደለም። ስብሰባ ላይ ሲነገር ትንሽ ስለሚመስል ነው። ትልቅ ሰው መምሰል ፈልጌ ነው። ይኸው ነው እውነቱ።

በሁለተኛው ሳምንት ቃለ ጉባኤው ይታረምልኝ ብዬ ሰብሳቢውን ለመንኩት። የጸደቀ ቃለ ጉባኤ አይነካም አለኝ። ከዚያ የእማማን በር አንኳኳሁ። አራተኛ ፎቅ ስደርስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ግባ ልጄ» አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«አልተቀየምኩም አልልህም፤ ተቀይሜያለሁ» አሉ። «ግን ይቅርታህ ምን ያደርግልኛል? ደብተሩን ትፈልገዋለህ?»

እፈልገዋለሁ አልኩ።

«ከቤቴ አይወጣም። እዚሁ ቁጭ ብለህ ገልብጥ።»

ይኸው አምስት ምሽት ሆነኝ። ደብተሩ የአሥራ አራት ወር ነው። የልጅ ልጃቸው በማስመሪያ አስምሮላቸዋል፦ ቀን፣ የመጣበት ሰዓት፣ የሄደበት ሰዓት፣ እስከ ስንተኛ ፎቅ እንደወጣ፣ መብራት ነበረ ወይስ አልነበረም። ከጎን ደግሞ አጫጭር ማስታወሻ አለው። «ማታ 5፡00 መጣ፣ 6፡20 ሄደ። ከሦስተኛ ፎቅ አላለፈም። ነፍሰ ጡሯ በባልዲ ወሰደች።» «ዓርብ። መብራት ጠፋ። ተራችን ተበላ። የጋሪው ልጅ በዱቤ ሰጠኝ።» ጥቅምት ላይ ተከታትለው ሦስት ማክሰኞዎች እንዲሁ አልፈዋል። መጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት ነገር ጽፈዋል። በመብራት ምክንያት የተበላ ተራ በማግሥቱ ይካካስ። ለፓምፑ ጄኔሬተር ይጠየቅ። በቃ፣ ይኸው ነው። አርባ ሰው ተሰብስቦ ያልጻፈውን የአካባቢ ፖሊሲ እማማ በሁለት መስመር ጽፈውታል። ይህን ይዘን ወረዳ ብንሄድ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ቆጥረን ብናስቀምጥ፣ ተራው ለምን እንደማይካካስ ብንጠይቅ ምናለበት? ገዢው ፓርቲ ውስጥ ያሉት ጎረቤቶቻችንም እኮ የሚጠሙት ያንኑ ማክሰኞ ነው።

የሚቀጥለው ስብሰባ በዚህ ወር መጨረሻ እሁድ ነው። ደብተሩን ገልብጬ እንደጨረስኩ ቅጂውን በየብሎኩ አዞራለሁ። አንደኛ አጀንዳ ውሃ ካልሆነ ቃለ ጉባኤ አልይዝም ብያለሁ። እስካሁን እመጣለሁ ያለኝ ስድስት ሰው ነው፤ ሁለቱ አባል አይደሉም። ከዚያች እሁድ ስቀው ከወጡት ውስጥ አንዱ ማታ ደውሎ «ወንድሜ፣ እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለኝ። ብዙ አልጠብቅም። ማህተሙ ደግሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ግን ኑ፣ እባካችሁ ኑ። ወንበር አለ። ውሃ ግን ከቤታችን ይዘን እንምጣ፣ እማማ ላይ አንጣለው።

ትናንት ማታ ስገለብጥ ያቺ እሁድ ላይ ደረስኩ። እሷንም መዝግበዋታል። ስለ ስብሰባው፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ እኔ ምንም የለም። «እሁድ። ውሃ የለም። ጠዋት 3፡00 አንድ ጀሪካን ለስብሰባው ተሰጠ» ይላል። እጄ ከበደኝ፤ ግን ጻፍኩት። እማማ ከኋላዬ ቆመው ያነቡ ነበር።

«ሰዓቱን ዘለልከው» አሉኝ።

አስገባሁት።