የራስን ፋይል ለማየት ምክንያት መቁጠር ለምን?

ባለፈው ዓመት በአንድ ባንክ የደንበኛ መረጃ ማደሻ ቅጽ ስሞላ፣ የልደት ዘመኔ በኮምፒዩተሩ ላይ እንዴት ሰፍሮ እንደሆነ ለማየት ጠየቅሁ። በመስኮቱ በኩል የነበረችው ሠራተኛ «ለምን ፈለጉት?» አለችኝ። አነጋገሯ ትሕትና አልጎደለውም፤ የራሱን መዝገብ አሳዩኝ የሚል ደንበኛ ገጥሟት የማያውቅ ይመስል ነበር። ቆይታ ስክሪኑን ብታዞርልኝ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. የተወለድኩት ሰው፣ ቁጥሩ ሳይቀየር በፈረንጅ 1979 ተብሎ ተመዝግቤ፣ ከሰባት ዓመት በላይ አርጅቼ ተገኘሁ። ለጊዜው አሳቀኝ። ነገር ግን ይህችው ቁጥር ወደ ኢንሹራንስ ውል ወይም ወደ ጡረታ ሰነድ ብትሻገር፣ በ60 ዓመት ጡረታ በሚወጣበት አገር ምን ያህል የሥራ ዘመን እንደምታሳጣ ሳስበው ሳቁ ጠፋ።

የተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ ዓይነቱ ነገር መልስ አለው። አንድ ተቋም ስለ እኔ የያዘውን መረጃ የማየት፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ እንደ ሁኔታው የማሰረዝና አጠቃቀሙን የመቃወም መብት በአዋጁ ተደንግጓል፤ የመቆጣጠሩም ኃላፊነት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበር መብት አውቆታል። ስለዚህ የሕግ ክፍተት አለ ብዬ አልከራከርም። የእኔ ክርክር ከእነዚህ መብቶች መካከል የማየት መብት ለሌሎቹ ሁሉ በር ከፋች ስለሆነ፣ በሩ በ«ለምን ፈለጉት?» ከተዘጋ የቀረው አዋጅ ወረቀት ላይ ይቀራል የሚል ነው፤ ያላየውን ስህተት ማን ያሳርማል?

የኦስትሪያው የሕግ ተማሪ ማክስ ሽሬምስ በ2011 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ ስለ እሱ የያዘውን ሁሉ እንዲሰጠው ሲጠይቅ ከ1,200 ገጽ በላይ ሰነድ ደረሰው፤ አጥፍቻቸዋለሁ ብሎ ያመነባቸው መልእክቶች ሳይቀሩ እዚያው ነበሩ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ያቀረባቸው አቤቱታዎች በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ መካከል የነበረውን የመረጃ ዝውውር ስምምነት በ2015 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት እስከማስሻር ደርሰዋል። መነሻው ግን የራሱን መረጃ ስጡኝ ማለቱ ነበር። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚኖር ወገናችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያቀርብ፣ ተቋሙ በመርህ ደረጃ በአንድ ወር ውስጥ ያለ ክፍያ መመለስ አለበት፤ ጠያቂውም ምክንያቱን እንዲያስረዳ አይገደድም።

እኛ ዘንድ ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው። ወደ አንድ ሕንፃ ስንገባ ጥበቃው ጋ ባለው የተላላጠ መዝገብ ላይ ስማችንን፣ ስልካችንንና የምንጠይቀውን ሰው እንጽፋለን፤ እግረ መንገዳችንን ከእኛ በፊት የገቡትን ሃያ ሰዎች ስልክ እናነባለን፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ደግሞ የእኛን ያነባል። መዝገቡ ሲሞላ የት እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው አላየሁም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ለማስረከብም ሁለት ጊዜ አናስብም። ለመስጠት እንዲህ የተዘረጋ እጅ፣ የሰጠውን መልሶ ለማየት ሲጠይቅ ግን እንደ ነገረኛ ይቆጠራል። በ12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ስር የአሥር ጣቶች አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል በሚቀመጥበት በአሁኑ ጊዜ ይህ ልማድ እንዳለ ሊቀጥል አይገባም።

ሁሉም ሰው ፋይሌን አሳዩኝ ቢል ሥራ ይቆማል የሚሉ ኃላፊዎች አጋጥመውኛል። የሠራተኛ እጥረታቸው እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን መረጃውን ሲሰበስቡ ጊዜ አልጠፋባቸውም። የሚያስፈልገው በየእንግዳ መቀበያው የሚገኝ ባለ አንድ ገጽ ቅጽ፣ ጥያቄውን የሚቀበል በስም የታወቀ ሠራተኛና መልሱ የሚሰጥበት የተቆረጠ ቀን ነው። የጠያቂውን ማንነት ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ የሌላ ሰው መዝገብ እንዳይወጣ ይጠብቃልና። ምክንያቱን መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑም ቅሬታ እስኪመጣለት ከሚጠብቅ፣ እንደ ተራ ደንበኛ ወረፋ ይዞ ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው ወደ ባንኮችና ሆስፒታሎች ቢልክ፣ ከብዙ የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ የበለጠ ይማርበታል የሚል እምነት አለኝ።

የእኔ የልደት ዘመን የልደት ምስክር ወረቀት አቅርቤ በሳምንቱ ታርሟል። ሠራተኛዋ የተስተካከለውን ገጽ ሳልጠይቃት አሳየችኝ። የተሳሳተው ቁጥር ቀደም ሲል ለማን ተላልፎ እንደነበር ስጠይቅ ግን ቅርንጫፉ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።